ዝምታ ያስተረጎምኩባት እሑድ

ሰው የሚፈራው በዓይኑ ነው የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። እስቲ ጅብን እንውሰድ። ጅብ በዓይን ሲታይ ምኑ ያስፈራል? ኋላው ያጠረ፣ አንገቱ የተጣመመ፣ የሰው ሱሪ ተውሶ የለበሰ የሚመስል ፍጥረት ነው። ከእንጦጦ ጫካ ሆኖ ሲጮህ ግን ጉለሌ በሙሉ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ይስባል። ዓይን ሲፈራ ይጨፈናል፤ ለጆሮ ግን ክዳን አልተሠራለትም። ፈጣሪ ይህን ሲተው ምን አስቦ እንደነበር አንድ ቀን ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ጆሯችን ከዓይናችን የበለጠ ሥራ ነበረበት። የመኪና ሞተር ሰምተን የማን እንደሆነ፣ ከማን ደጅ እንደሚቆም እንለይ ነበር። በር ሲንኳኳ እንኳ አንኳኳዩን በእጁ እናውቀዋለን፤ ጎረቤት በጣቱ አንጓ ነው፣ ቀበሌ በመዳፉ ነው። እንዲህ ዓይነት ጆሮ ይዞ የሚያስፈራ ፊልም ለማየት መቀመጥ በቆሰለ እጅ በርበሬ እንደ መቀንጠስ ነው። እኛ ግን ተቀመጥን።

ጥፋቱ የጋሽ ወርቁ ነው። ጋሽ ወርቁ ከሽሮ ሜዳ ወደ ቁስቋም በሚያስወጣው ዳገት ላይ በር ለበር የምንተያይ ጎረቤቴ፣ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። አንድ ጊዜ ከአሰብ ሲመለሱ በጨው ጆንያዎች መካከል በጋቢ የተጠቀለለ ቪዲዮ ዴክ ይዘው መጡ። ኬላውን እንዴት እንዳለፉ በሦስት ቀን ውስጥ ሦስት ዓይነት አድርገው ነገሩን፤ ሦስቱም እውነት ይመስሉ ነበር። ከዴኩ ጋር ሁለት ካሴት ነበረ። አንደኛው የማናውቃቸው የዓረብ ሰዎች ሠርግ ነው። እሱን አራት ጊዜ ስላየነው የሙሽራይቱን አክስቶች በመልክ ለይተን፣ የትኛዋ ከየትኛዋ እንደተኳረፈች ሁሉ ደርሰንበት ነበር። ሁለተኛው ካሴት ግን ምንም አልተጻፈበትም። የሸጠላቸው ሰው “ይሄ የሚያስፈራ ነው፣ እንግሊዝኛ ነው” ብሏቸዋል። እንግሊዝኛ ከሆነ አስተርጓሚ ያስፈልጋል ተባለና አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። ያኔ የአምስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምር ነበር፤ እንግሊዝኛዬም ከአምስተኛ ክፍል ብዙ ርቆ አይሄድም።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ቢወጣም ጭቃው ገና ስለነበረ ጫማችንን በረንዳው ላይ ደርድረን ገባን። ብርሃኑ የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ እያንጸባረቀ አላሳይ ሲል ጋሽ ወርቁ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱት። በሩንም ዘጉ። አራት ነበርን። ጋሽ ወርቁ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። ከጎናቸው ሸማኔው ጋሽ ኦይቻ፤ ዕድሜና የመወርወሪያ ድምፅ ተባብረው ጆሯቸውን ስላደከሙት ካልጮኹላቸው አይሰሙም። ሦስተኛዋ የጋሽ ወርቁ ባለቤት እትዬ ብዙነሽ ናቸው።

እትዬ ብዙነሽ የወንጌል አማኝ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ በየቤቱ ተሰብስቦ መጸለይም ክልክል ነው። ከዓመት በፊት አንዲት የታመመች ጎረቤት ቤት ሄደው ሲዘምሩ ተይዘው አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ አድረው ወጥተዋል። ሲለቀቁ ሊቀመንበሩ ሁለተኛ ከተገኙ ጉዳዩ ከቀበሌ በላይ እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። እና ያን ቀን “እኔ የሰይጣን ሥራ አላይም” ብለው ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ሹራባቸውን መሥራት ያዙ። አላይም እንጂ አልሰማም እንዳላሉ ልብ በሉልኝ።

አራተኛው እኔ ነኝ። ሳስተረጉም ሁሉም እንዲያየኝ ከቴሌቪዥኑ ጎን ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ቆምኩ። አስተማሪ ተቀምጦ መናገር አይችልም።

ፊልሙ ጀመረ። ጀመረ ስል ምንም አልታየም ማለቴ ነው። ጨለማ ብቻ። ጋሽ ወርቁ ተበላሸ ብለው ተነሥተው ቴሌቪዥኑን በጎኑ ጠፈጠፉት። ያኔ ከጨለማው ውስጥ የሰው ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ እሳቸውም እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ። ከዚያ ከሩቅ ኦርጋን፣ በኦርጋኑ ላይ የሴቶች ዝማሬ። ከዚያ ኮረብታ ላይ ለብቻው የቆመ ትልቅ ቤት።

“መምህር፣ ምን አለ?” አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

ምንም አላለም አልኳቸው። ትንሽ ቆይተው ደገሙኝ። አሁንም ምንም። ሰው የሌለበት ቤት ምን ይላል? እሳቸው ግን የአስተርጓሚነቴን ነገር እየተጠራጠሩ እንደሆነ ከቅንድባቸው ገባኝ። ክብሬን ለማዳን ዝምታውን ማስተርጎም ጀመርኩ። እጄን አንሥቼ፣ ይህ ኦርጋን “ተጠንቀቁ” ማለቱ ነው፤ ይህ ዝማሬ ከሞቱ ሰዎች የመጣ ነው፤ ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ነገሩ እየቀረበ ነው እያልኩ አብራራሁ። ከዚያ በኋላም ብዙ ፊልም አይቻለሁ፤ ያን ቀን ከፈጠርኩት የተሻለ ማብራሪያ ግን አላገኘሁም።

ሥዕሉ ወደ ቤቱ ይሄድ ጀመር። የሚሄድ ሰው አይታይም፤ ደጁ ብቻ እየቀረበ ይመጣል፣ የእግር ኮቴም ይሰማል። ማን ነው የሚሄደው ተብዬ ተጠየቅኩ።

“እኛ ነን” አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ይህን አልወደዱትም። የዳናክልን በረሃ በሌሊት አቋርጠው፣ ሽፍታ አምልጠው እንደሚያውቁ፣ እዚያ ቤት ግን እንደማይገቡ አስታወቁ። ወንበራቸውንም ወደ ኋላ ጎተቱ። ፊልሙ ግን ፈቃዳቸውን ሳይጠይቅ ይዟቸው ገባ። ረጅም ኮሪደር። ነፋስ ሳይኖር የሚወዛወዝ መጋረጃ። በኮሪደሩ መጨረሻ አንድ የተዘጋ በር።

እዚህ ላይ ነው የሰው ልጅ አፈጣጠር የገረመኝ። ሥዕሉን በደንብ የሚያዩት፣ ድምፁን ግን የማይሰሙት ጋሽ ኦይቻ ዘና ብለው መጋረጃውን ይመረምራሉ። ማጉ ሳስቷል፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሽሮ ሜዳ ቢወጣ ገዢ የለውም እያሉ ይተቻሉ። ምንም የማያዩት፣ ድምፁን ብቻ የሚሰሙት እትዬ ብዙነሽ ግን ሹራቡን ደረታቸው ላይ ጨምቀው ይንቀጠቀጣሉ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባል የለ? እሳቸው ዞር ብለው ቢያዩት መጋረጃ ነው። ባለማየታቸው በኦርጋን የሚመጣውን ሁሉ በሐሳባቸው ሥለውታል።

የበሩ እጀታ በራሱ መዞር ጀመረ። ኦርጋኑ ቀጥ አለ። ኮቴውም ቆመ። ዝም። ጋሽ ወርቁ መተንፈስ አቆሙ፤ እኔም አንሥቼው የነበረውን እጄን ማውረድ ረሳሁ።

በሩ በመዳፍ ተደበደበ።

የፊልሙ በር አይደለም። የእኛው።

እትዬ ብዙነሽ ጮኹ። ጋሽ ወርቁ ዘለው ቴሌቪዥኑን አጠፉት። በሩ ተገፋና የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጓድ ሽፈራው ጠብመንጃውን እንደያዘ ገባ። ልጅ እግር ነው፤ ከወለጋ መጥቶ ቀበሌ ከተቀጠረ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። እሑድ ቀን። በረንዳ ላይ የተደረደረ ጫማ። በብርድ ልብስ የተሸፈነ መስኮት። ከውስጥ ኦርጋንና ዝማሬ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የሴት ጩኸት። ሲገባ ደግሞ በጸሎት አንዴ የታሰሩ ሴትዮ እያለቀሱ፣ ከፊታቸው እጁን ወደ ሰማይ ያነሣ ሰው ቆሞ።

“ሰባኪው አንተ ነህ?” አለኝ።

እጄን ያን ጊዜ ነው ያወረድኩት። ሰባኪ አለመሆኔን፣ ፊልም እያየን እንደነበር፣ እኔም አስተርጓሚ መሆኔን አስረዳሁ። የፊልሙ ሰዎች ምን ሲሉ እንደነበር ጠየቀኝ። እስካሁን ምንም እንዳላሉ ነገርኩት። የማይናገር ሰው የሚያስተረጉም አስተርጓሚ በታሪክ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም፤ ጓድ ሽፈራው ግን በዚህ አልተደነቀም። ዝማሬውን በጆሮው ሰምቷል። ሁላችንም ተነሥተን ወደ ቀበሌ እንድንሄድ አዘዘ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሰባኪ የተባለ አስተማሪ በማግስቱ ጠመኔ አይዝም። ይባስ ብሎ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን እንደ መንገደኛ አጣፍተው በጸጥታ ተነሡ። ለባላቸው እራቱ ድስት ውስጥ እንዳለ ነገሯቸው። ሴትዮዋ በዚያ ሰዓት ምንም አልፈሩም፤ ኦርጋን ነው የሚያስፈራቸው እንጂ እስር ቤቱን ያውቁታል። ጋሽ ወርቁ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ያን ትልቅ ሾፌር እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

“ልጄ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ በልና እየው” አሉት። “ፊልም ካልሆነ እኔን ብቻ ውሰደኝ።”

ጓድ ሽፈራው ጥቂት አሰበና ተቀመጠ። ጠብመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመ። እትዬ ብዙነሽም ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደገና ተቀመጡ። እኔም ካሴቱን እያጠነጠንኩ ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ጨለማው መጣ፣ ትንፋሹ መጣ፣ ኦርጋኑ መጣ። ዝማሬው ሲጀምር በድል አድራጊነት ዞሮ አየኝ። ይህ መዝሙር ሰውን ለማስፈራራት የገባ እንደሆነ ስነግረው፣ በመዝሙር ሰው የሚያስፈራሩት ምን ዓይነት ሰዎች ቢሆኑ ነው ብሎ በጣም አዘነ። ማዘኑ ያኔም ትንሽ ገርሞኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ደጁ ሲቀርብ ጀርባው ከወንበሩ ተለየ። ኮሪደሩ ውስጥ ስንገባ ጠብመንጃውን ጨበጠ። ለካ መሣሪያ የያዘ ሰው ከእኛ የባሰ ይፈራል፤ እኛ የምንሸሽበትን ብቻ ነው የምናስበው፣ እሱ የሚተኩስበትንም ማሰብ አለበት። የሚተኮስበት ደግሞ የለም፤ መጋረጃ ብቻ። እጀታው ዞረ። ኦርጋኑ ቀጥ አለ። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ አንዲት ባዶ ወንበር እንጂ ሰው አልነበረም። ሁላችንም በአንድነት ተነፈስን፤ ጓድ ሽፈራውም ተነፈሰ፤ እንዲያውም ሊስቅ ሲል አየሁት። ፊልም ሠሪዎቹ የሚጠብቁት ይህችን ትንፋሽ ኖሯል። እንግዳ ሲዝናና ነው ቢላዋ የሚመዘዘው።

ከኋላችን አንድ ነጭ እጅ መጥቶ ትከሻችን ላይ አረፈ። ድምፁም እንደ መብረቅ ፈነዳ።

“በኢየሱስ ስም!”

ጠብመንጃው ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

እኔ አልነበርኩም። ጋሽ ወርቁም አልነበሩም፤ እሳቸው “ቁስቋም ማርያም” ብለዋል። ጉለሌ ውስጥ የሰው ሃይማኖት የሚታወቀው ሲደነግጥ ነው። አንዱ በስመ አብ ይላል፣ አንዱ ማርያም ድረሽ ይላል፤ ያችን ጓድ ሽፈራው የተናገራትን ግን በእናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ያልተማራት ሰው በድንጋጤ አያመጣትም።

ቴሌቪዥኑ ላይ ትልልቅ ፊደሎች ወጡ። የፊልሙ ስም ነበር። ያ ሁሉ መከራ ገና መግቢያው ነው ማለት ነው። ማንም ግን አላነበበውም። እትዬ ብዙነሽ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ዞሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እኛ መለሱ።

“አሜን” አሉ በለሆሳስ።

ጓድ ሽፈራው ጠብመንጃውን አነሣ። “እናቴ...” ብሎ ጀመረና ተወው። ውሃ ጠየቀ፤ እትዬ ብዙነሽ ሰጡት፤ ቆሞ ጠጣ። ብርጭቆውን ሲመልስ በሁለት እጁ ነበር። ከዚያ ፊልም መሆኑን አረጋግጫለሁ ብሎ ወጣ። የሚቀጥለውን ለማየት የደፈረ አልነበረም፤ ጋሽ ኦይቻ ብቻ ለምን አጠፋችሁት ብለው ተቆጡ።

ነገሩ ግን በዚያ አልበቃም። ዝማሬውን የሰማ ሌላ ጎረቤትም ኖሮ ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ወርቁና እኔ ቀበሌ ተጠራን። ሊቀመንበሩ ክሱን አነበበልንና የኛን ቃል ሳይሰማ ጓድ ሽፈራውን አስጠራው። የምንኖረውም የምንሞተውም በዚያ ልጅ ምላስ ነው። ሲገባ እኔን አላየኝም፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ሊቀመንበሩ ፊልሙ ሃይማኖታዊ ነገር አለበት ወይ ብሎ ጠየቀው።

ጓድ ሽፈራው ቀጥ ብሎ ቆመ።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ተቀምጬ በጥሞና ተመልክቼዋለሁ” አለ። “የፈጣሪን ስም የሚያስጠራ ነገር የለበትም።”