ምዕራፍ ሁለት ላይ የሾምኩት ባላባት

መጀመሪያ ቁጭ በሉ። ዛሬ የደረሰብኝ ነገር ቆሞ የሚነበብ አይደለም።

እኔ ገና ከከሚሴ አልወጣሁም። የተከራየሁት አልጋ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴ እስካሁን እየነደደ ነው የምጽፍላችሁ። መሳቅ ተፈቅዷል። አድቫይዘሬም ስቋል። ቆይ፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ለማታውቁኝ፣ የታሪክ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ ስለ ገበያ ነው። ገበያ ለምን ቦታ ይቀይራል? ትናንት ሰው ሲተራመስበት የነበረ ሜዳ ዛሬ ለምን ፍየል ብቻ ይግጥበታል? በተለያየ አካባቢና በተለያየ ዘመን የነበሩ ሦስት ገበያዎችን ነው የማነጻጽረው። አንዱ እዚሁ ጨፋ ሸለቆ ዳር የነበረ ትንሽ ገበያ ነው። እንደ ባቲና እንደ ሰንበቴ ስሙ የሚነሳ አይደለም። የተረሳ ነው። የመረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ ማንም አይቀድመኝም ብዬ!

አልተሳሳትኩም። በጉዱም ማንም አልቀደመኝም።

ፕሮፖዛሌ ላይ እንዲህ የምትል መስመር አለች፦ «አጥኚዋ የአካባቢው ተወላጅ በመሆኗ ኦሮምኛ አቀላጥፋ ስለምትናገር አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።»

አቀላጥፋ!

ተወላጅነቴ እውነት ነው። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከሚሴ ተመድቦ ሲሠራ ነው የተወለድኩት። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው አማርኛ ነው። ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት ለቃቀምኩት። አምስተኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ ደሴ ተዛወረ፤ የለቃቀምኩት ሁሉ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀረ። ዛሬ የቀረኝ ሰላምታ፣ «ነይ»፣ «ሂጂ»፣ «ብዪ» እና ሁለት ስድብ ነው።

በሁለት ስድብ ታሪክ አይጻፍም። ይህን የተረዳሁት ዛሬ ነው።

ከሦስት ወር በፊት ብቻዬን መጥቼ ሼህ ይመርን አነጋገርኳቸው። ሼህ ይመር ያንን ገበያ ከሚያስታውሱት ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ በጣም ያረጁ አዛውንት ናቸው። ገና ከበሩ ላይ «አካም ጅርቱ! ፈያ? ነጋ?» እያልኩ ሰላምታዬን አዥጎደጎድኩት። በሰላምታ ማን ይችለኛል! የሽማግሌው ፊት በራ። ከዚያማ ሁለት ሰዓት ሙሉ በኦሮምኛ አወጉኝ።

እኔስ?

ሪከርደሬን ከፍቼ «ኤዬ፣ ኤዬ» እላለሁ። አዎ፣ አዎ ማለት ነው። ሲስቁ እስቃለሁ። ሲተክዙ እተክዛለሁ። አንድ ቦታ ላይ ዕንባ ሲያቀርራቸው እኔም አብሬ ዓይኔን ጠረግሁ። ምን ሆነን እንደምናለቅስ ግን አላውቅም።

«በአማርኛ ይንገሩኝ» የምትለዋ ቃል እኮ ምላሴ ላይ ነበረች! ኩራት ያዘኝ። የአገሬ ልጅ ነኝ ብዬ ገብቼ፣ አሁን እንዴት እንዲህ እላለሁ?

ዶርም ተመልሼ የተቀዳውን ማድመጥ ጀመርኩ። አንዲት ሐረግ ቶሎ ቶሎ ትመጣለች፦ «ባረ ቤላ»። ሽማግሌው በአምስት ደቂቃ አንዴ «ባረ ቤላ» ይላሉ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። «ባረ» ማለት ዘመን ነው።

ቤላስ?

ወገኖቼ፣ የታሪክ ተማሪ ነኝ። በተማርኩበት መጽሐፍ ሁሉ ከ«ዘመን» አጠገብ የሚቆመው ሰው ነው። የእገሌ ዘመን፣ የእነ እገሌ ዘመን። ታዲያ ቤላ ማን ሊሆን ነው? ገዢ ነዋ! የሰው ስም ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ይፈለጋል እንዴ? አልፈለግሁትም።

ሾምኩት።

ባላባት ቤላ! ገበያውን ከቦታው ያስነሳ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ዘመን የሚቆጥርበት ኃይለኛ ሰው። ምዕራፍ ሁለትን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ከቤላ በፊት፣ በቤላ ጊዜ፣ ከቤላ በኋላ። በሌሎቹ ሁለት አካባቢዎች ከነበሩት ባላባቶች ጋር በሠንጠረዥ አነጻጸርኩት። ቤላዬ ሁሉንም በለጣቸው።

አድቫይዘሬ ረቂቁን አንብቦ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ድንቅ ግኝት!» ብሎ ጻፈልኝ። ይህ ሰው እኮ «ደህና ነው» ካለ ግብዣ የሚደረግለት ሰው ነው! ገጹን ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። እናቴም ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አንድ ባላባት አገኘች» ብላ አወራች። ጎረቤት ለካ የሠርግ ወሬ መስሎት ኖሯል።

ከዚያ አድቫይዘሬ አንድ ነገር አለ። «ፊልድ አብሬሽ እወጣለሁ። የቤላን መቃብር ፎቶ ማንሳት አለብን።»

ዛሬ ጠዋት መጣ።

ሼህ ይመር ቤት ገባን። ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። ባለቤታቸው እማማ ፋጡማ ወተት አቀረቡልንና ወደ ጓዳ ገቡ። አድቫይዘሬ ኦሮምኛ አይሰማም። እኔ ደግሞ «አቀላጥፋ» ነኝ። ስለዚህ ሌሊቱን ያጠናሁትን ዓረፍተ ነገር፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቀጥ ብዬ ለቀቅሁት፦

«ሼህ ይመር፣ ጋንፋ ሰዲን ቀባ!»

ሦስት ጥያቄ አለኝ ማለቴ ነው።

ሼህ ይመር የራሴን ሻሽ ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ሦስት? የት ላይ ነው ልጄ? ሻሽሽ ስር?» አሉኝ።

ከጓዳ እማማ ፋጡማ በሳቅ ትን ሲላቸው ተሰማ።

ለካ ጥያቄ «ጋፊ» ነው። «ጋንፋ» ቀንድ ነው። አድቫይዘሬ ፊት ተነስቼ ሦስት ቀንድ አለኝ ብያለሁ። በሬ እንኳ በሁለት ነው የሚኖረው!

«ምን አልሻቸው?» አለኝ አድቫይዘሬ።

«የአክብሮት ሰላምታ ነው» አልኩት።

አትፍረዱብኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

እሱ ግን ወደ ሽማግሌው ዞሮ ነበር። «አባቴ፣ አማርኛ ይችላሉ እንዴ?»

«እንዴታ! ባቲ ስነግድ ኖሬ አማርኛ ይጠፋኛል? እሷ ናት በኦሮምኛ የጀመረችኝ።»

አድቫይዘሬ በጎን አየኝ። ወተቴን አነሳሁና ብርጭቆው ውስጥ ተደበቅሁ።

«እንግዲያው እኔው ልጠይቅዎት። የመጣሁት ስለ ቤላ ነው።»

ሼህ ይመር የሚቆጥሩት ሙስበሃ እጃቸው ላይ ቀጥ አለ።

«ቤላ…» አሉ ቀስ ብለው። «አላህ አይመልሰው።»

አድቫይዘሬ ደብተሩ ላይ «ሕዝቡ እጅግ ይፈራው ነበር» ብሎ ሲጽፍ በዓይኔ በብረቱ አየሁ!

«በጣም ክፉ ነበር?»

«ክፉ ትላለህ? ያልገባበት ቤት የለም። ከብቱን ጨረሰ፣ እህሉን ጨረሰ፣ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ።»

«ግብሩ ከባድ ነበር ማለት ነው» አለኝ አድቫይዘሬ በሹክሹክታ።

እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። አሁንም! ያ ሁሉ ሆኖ አሁንም ነቀነቅሁ!

«አባቴ፣ ለመሆኑ የት ነው የተቀበረው?»

ሼህ ይመር አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት። «ማን?»

«ቤላ።»

«ልጄ፣ ቤላ ያልቀበረው ማን አለ? እሱን ግን እስካሁን ማንም አልቀበረው።»

ይኼኔ እማማ ፋጡማ ከጓዳ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። «እናንተ ሰዎች! ቤላ ሰው መሰላችሁ እንዴ? ረሃብ እኮ ነው! ረሃብ!»

ረሃብ።

ባረ ቤላ። የረሃብ ዘመን።

ሠላሳ ገጽ ሙሉ ለረሃብ ካባ ደርቤለታለሁ። ሥልጣን ሰጥቼዋለሁ። ሠንጠረዥ ላይ «የአስተዳደር ብቃት» የሚል ረድፍ ውስጥ «ከፍተኛ» ብዬዋለሁ።

አድቫይዘሬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሼህ ይመር አልተቆጡም። ቢቆጡ እንዴት ደስ ባለኝ! አዩኝና፣

«ያን ቀን አብረሽኝ ስታለቅሺ ታዲያ ምን መስሎሽ ነው?» አሉኝ።

መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

«ወላሂ፣ ኦሮምኛ እያወራሽ ስትገቢ ደስ ብሎኝ ነበር። የዚያ ሠራተኛ ልጅ ሄዳም አልረሳችንም፣ አልኩኝ። በአማርኛ ንገሩኝ ብትይ ምን ነበረበት?»

«አፍሬ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ማፈሩ ቀረልሽ?»

አልቀረልኝም። ዕንባዬ መጣ። የዛሬው የእውነት ነበር፤ ቢያንስ ለምን እንደማለቅስ አውቃለሁ።

«አብሽሪ! በይ ያንን ነገር ክፈቺው» አሉ ወደ ሪከርደሩ እያመለከቱ። እንደገና ጀመሩ። በአማርኛ። ኦሮምኛው ሲቀድማቸው ራሳቸው እየተመለሱ እየፈቱልኝ። ስማቸውን ለመጥራት የማይገባኝን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ።

ገበያውን ያስነሳ ባላባት የለም። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሸጥ ሳይኖረው፣ እዚያ ምናልባት የሚበላ አይገኝ ይሆን እያለ ወደ አሮጌው ገበያ ይመጣ ነበር። መጥቶም እዚያው ቀረ። ዙሪያው መቃብር ሆነ። ዝናብ ሲመለስ ሰው መገበያየት ፈለገ፤ ግን በመቃብር መሀል ማን ዘንቢል ያወርዳል? የሼህ ይመር እናት ዘሀራ አንዲት ላም ተርፋላት ነበር። ወንዙን ተሻግራ፣ መንገድ ዳር ተቀምጣ፣ አላፊ አግዳሚውን በየተራ ጉንጭ ጉንጭ ወተት ታቀምስ ነበር። በዓመቱ አንዱ ዶሮ ይዞላት መጣ። ሌላዋ እንጨት። ከቆላ የወረደ አንድ አፋር ደግሞ አሞሌ ጨው። ዶሮ ያመጣው ጨው ፈለገ፤ ጨው ያመጣው እንጨት ፈለገ። በቃ። ገበያው እዚያ ሆነ።

ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ከሦስት ወር በፊት ነግረውኛል። እኔ «ኤዬ፣ ኤዬ» ብያለሁ።

«ስሟን ጻፊው» አሉ ሼህ ይመር። «ዘሀራ። ሹመት የላትም። ይጻፋል?»

አድቫይዘሬ ከኔ ቀድሞ «ይጻፋል» አለ።

ስንመለስ ከአድቫይዘሬ ጋር ባጃጅ ተሳፈርን። ጨፋ ላይ ማሽላው አሽቷል፤ እሱን እያየሁ ፍርዴን እጠብቃለሁ።

«ምዕራፍ ሁለት ይሰረዛል» አለ።

«እሺ።»

«ቅጂዎቹ ሁሉ ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር እንደገና ይደመጣሉ። ፕሮፖዛሉ ላይ ያለችው መስመር ትወጣለች። የዘንድሮው ምረቃም አይደርስልሽም።»

«እሺ።» እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ጥሪ አድርሳ ከጨረሰች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። እሺ።

ትንሽ ቆየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ባለፈው ሴሚናር ላይ ቤላን ጠቅሼዋለሁ» አለኝ።

«ብዙ ሰው ነበር፣ ዶክተር?»

«አዳራሹ ሙሉ ነበር። አንዱ ፕሮፌሰር እንዲያውም ስለ ቤላ ሰምቻለሁ አለ።»

ተያየን።

መጀመሪያ እሱ ነው የፈነዳው። እኔ ፈርቼ አፌን ይዤ ነበር፤ አልቻልኩም። ሹፌሩ ባጃጁን አቁሞ «ደህና ናችሁ?» እስኪለን ድረስ ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ዝም አልን። ነገሩ የሚያስቅ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለንና።

እንግዲህ እሱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄደ፤ እኔ ከሚሴ ቀርቻለሁ። ለእናቴ ገና አልደወልኩም። እማማ ፋጡማ ስወጣ እጄን ይዘው «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነይ፤ በአማርኛ ግን አላናግርሽም» ብለውኛል። ምን ያህል እንደምቆይ አላውቅም። የሚገባኝን ያህል ይሆናል።

ነገ ገና በር ላይ ስደርስ፣ ከሰላምታው በፊት፣ ለሼህ ይመር ልላቸው የምፈልገው አንድ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ኮመንት ላይ ርዱኝ፦ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» በኦሮምኛ እንዴት ነው የሚባለው?

ደግሞ የምታውቁ ብቻ መልሱልኝ፣ በአላህ። እንደኔ የምታውቁ ዝም በሉ።