ለሉብና የተቀመጠ በሽታ

አንድ ልጅ ጎበዝ ተማሪ መሆኑን ቀድሞ የሚያውቀው አስተማሪው አይደለም፤ ወላጁም አይደለም። በሽተኛው ነው። ልጁ አንደኛ በወጣ ሳምንት ወገቡን ይዞ ወይ ክንዱን እያሸ ደጅ የሚቆም አንድ ጎረቤት አይጠፋም። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ወይ ተማሪ የለውም ወይ ሰዉ ሁሉ ጤነኛ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ታይተው አያውቁም።

መርሳ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ ሀጂራ ናቸው። ከአስፋልቱ ዳር፣ ከደሴ የመጣ ሚኒባስ ሰው በሚያወርድበት ቦታ ማንጎና ፓፓያ ይሸጣሉ። ይህ እንጀራቸው ነው፤ ሙያቸው ግን መታመም ነው። የሚታመሙትም ለማንም ሐኪም አይደለም። ለጎረቤታቸው ለረሂማ ልጅ ለሉብና ነው።

ሉብና ሰባተኛ ክፍል አንደኛ የወጣች ዕለት፣ ካርዷን ለእናቷ አሳይታ ሳትጨርስ እትዬ ሀጂራ ቀኝ ጉልበታቸውን እያሹ ገቡ።

«ማሻአላህ። እንግዲህ ዶክተር መሆኗ ነው» አሉና መደቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉላት። «እስኪ እዚህ ጋ ንኪኝ ልጄ። ስነሳ ቀጭ ይላል።»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ገና ስለ ዕፅዋት ነው የምንማረው» አለች ሉብና።

«ግድ የለም፣ አልቸኩልም። አስቀምጥልሻለሁ።»

አስቀመጡላትም። ጉልበቱ ደግሞ ብቻውን አልቀረም። ስምንተኛ ክፍል ስትገባ ጨጓራቸው ያቃጥል ጀመር፤ ዘጠነኛ ላይ ጆሯቸው ጮኸ፤ የተፈጥሮ ሳይንስ የመረጠች ጊዜ ደግሞ ለእንኳን ደስ ያለሽ ይመስል ማዞር ተጨመረ። ሰው ጤና ጣቢያ ይሂዱ ሲላቸው ይቀየማሉ። «የራሱ ሐኪም ያለው ሰው ምን ሲል ወረፋ ይይዛል?» ይላሉ። መንገደኛው ሁሉ ከማንጎው ጋር ይህን ወሬ ይዞ ወልድያ ይገባል።

ተራቸውንም አያስነኩም። የሉብና ወንድም ዓሪፍ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ውርጌሳ ሲመላለስ ውሎ ማታ ወገቡን ያመዋል። አንድ ቀን «ሉብና ስትመረቅ ወገቤን ታይልኛለች» ቢል፣ እትዬ ሀጂራ የያዙትን ፓፓያ አስቀምጠው ዞሩበት።

«ከኔ ቀጥሎ» አሉት።

«ኧረ እትዬ፣ እኔ እኮ ወንድሟ ነኝ።»

«ወንድምነት ለሠርግ ነው። ሕክምና በተራ ነው።»

አንዴ ብቻ ረሂማ ከልቧ ጠይቃቸዋለች፤ ለምን ይህችን ሕፃን እንደሚጠብቁ። እትዬ ሀጂራ ያን ቀን አልቀለዱም። «ባለቤቴን አላህ ይዘንለትና፣ ሩቅ አገር ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር። ሐኪሙ ቀና ብሎ ሳያየን ጽፎ ሰጠን። ስማችሁ ማነው እንኳን አላለንም። ያንቺ ልጅ ግን ስሜን ታውቃለች» አሉ። ከዚያ ወዲህ ረሂማ አልጠየቀቻቸውም።

ሉብና መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር። መንገድ ላይ «ዶክተሬ» እያሉ ሲጠሯት በሌላ ጓሮ ትዞራለች። ነገሩን የቀየረው የአንድ ዓመት አረፋ ነው። በጉ ታርዶ ሥጋው እየተከፋፈለ ሳለ እትዬ ሀጂራ ልቡን ሳያስነኩ በትሪ ይዘው መጡ።

«ተማሪበት» አሏት። «ከዚያ ይጠበሳል።»

ሉብና መጽሐፏን ከትሪው አጠገብ ዘርግታ ቢላዋ አነሳች። በልቡ አናት ላይ ባለው ትልቁ ቧንቧ ከማንቆርቆሪያ ውኃ ብታፈስበት ውኃው ወደ ውስጥ አልወረደም። ጎንበስ ብላ ስታየው፣ ጥፍር የማያክሉ ሦስት ክዳኖች ተገጣጥመው ይዘውታል። ደፋችውና እንደገና አፈሰሰች። እንደገናም ተዘጉ። ማንም ሳያዛቸው፣ በጉ ሞቶም እንኳ ሥራቸውን አልረሱም። እንግዳው ምሳ እየጠበቀ ነበር፤ ዓሪፍ «ይኼ ልብ ዛሬ ይበላል ወይስ ይመረቃል?» ይላል፤ እሷ ግን ማንንም አልሰማችም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሐኪም መሆን የእትዬ ሀጂራ ሐሳብ ነበር። ከዚያ በኋላ የራሷ ሆነ።

ሐሳብ ብቻውን ግን ነጭ ጋውን አያስለብስም። አገሩ ባልተረጋጋባቸው ወራት ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ሉብና ባጠናችው ላይ እየደገመች ጠበቀች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን እነ ሉብና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድረው ተፈተኑ። ውጤቱ ሲመጣ ከክፍሏ ያለፉት ሁሉ በአንድ ባጃጅ ቢጫኑ ለሻንጣቸውም ቦታ ይተርፍ ነበር። ሉብና ካለፉት አንዷ ናት። እትዬ ሀጂራ ያን ቀን ለአንድ ሙሉ ሚኒባስ ማንጎ በነፃ አደሉና፣ ወደ ማታ ጉልበታቸውን ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ ገና ነኝ እኮ» አለቻቸው ሉብና። «መጀመሪያ አንድ ዓመት ከሁሉም ጋር እማራለሁ። ከዚያ የዓመቱ ውጤት ይታያል፣ የመግቢያ ፈተና አለ፣ ቃለ መጠይቅ አለ። ለሕክምና ያለው ቦታ ሃምሳ ነው። ብገባ እንኳ ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል።»

እትዬ ሀጂራ ጉልበታቸውን ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይችላል» አሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ያ ዓመት ግን ቀላል አልሆነም። ሉብና ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመጣ ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። ፊዚክሱ ከብዷታል። ለሃምሳው ቦታ አራት መቶ ተማሪ ተመዝግቧል። ከፍ ያለ ክፍል ያሉት ልጆች ደግሞ፣ «ሰባት ዓመት ተምረሽ ደመወዙን ያየሽ ቀን አንቺው ትታመሚያለሽ» ብለዋታል። ማታ ለእናቷ «አካውንቲንግ ብሞላ ይሻላል መሰለኝ» አለቻት። ረሂማ ዝም አለች፤ ዝም ያለችው ግን ለልጇ ብቻ ነው። በነጋታው ማለዳ ለጎረቤቷ ሹክ ብላለች።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ሀጂራ በሩ ላይ ደረሱ። እንደዚያን ቀን አንክሰው አያውቁም። ግድግዳ እየያዙ፣ ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ገብተው መደቡ ላይ ወደቁ።

ሉብና ትክ ብላ አየቻቸው።

«እትዬ፣ የሚያምዎት ቀኙ አልነበረም እንዴ?»

«ዞረ» አሉ፣ ፊታቸው ቅንጣት ሳይለወጥ። «በሽታ ይዞራል ልጄ። ይህን ገና አላስተማሯችሁም?»

ሉብና ጉልበቱን ዳሰሰችው። አላበጠም፣ አይሞቅም፣ ቀጭም አላለም። ቀኙንም ነካችው፤ እሱም ዝም ብሏል። ነገሩ ገርሟት ዋለች።

በሦስተኛው ቀን የእናቷን የሳል መድኃኒት ልታመጣ ጤና ጣቢያ ሄደች። ወደ ክፍሉ ልትገባ ስትል ከውስጥ የምታውቀው ድምፅ ሰማችና ከበሩ ጀርባ ቆማ በክፍተቱ አየች። እትዬ ሀጂራ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ካርዳቸው ከመመላለስ ብዛት ጠርዙ አልቋል። ሲስተር ምሕረት የደም ግፊታቸውን ለክታ ስትጨርስ ነው።

«ግፊቱም ወርዷል፤ ጉልበቱም ከዳነ ዓመት አለፈው። እትዬ ሀጂራ፣ ከታካሚዎቼ ሁሉ እንደ እርስዎ ቀጠሮ የሚያከብር የለም» አለች ሲስተር ምሕረት።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ድምፅሽን። የረሂማ ልጅ ለዕረፍት መጥታለች፤ እንዳትሰማ።»

«ብትሰማስ ምን አለበት?»

«ድኛለሁ ካልኳትማ ለማን ብላ ታጠናለች?» አሉ እትዬ ሀጂራ። «ከትናንት ወዲያ፣ ልትተወው ነው ቢሉኝ ጊዜ አይደል እያነከስኩ የሮጥኩት። ወላሂ ተጣድፌ እግሩን ሁሉ ተሳሳትኩ።»

ሉብና በእጇ አፏን ያዘች። ሳቁ ይቅደም እንባው አላወቀችም፤ ሁለቱም መጡ። ለስንት ዓመት የሸሸቻቸው ሴት፣ ለሷ ሲሉ በየወሩ እየተደበቁ ሲድኑ ኖረዋል። ወደደቻቸው፤ እንደ ራሷ ሰው፣ ከዚያም በላይ። መድኃኒቱን ሳትወስድ ነው ወደ ቤት የተመለሰችው፤ በኋላ ዓሪፍ በባጃጅ ሄዶ አመጣው። እሷ ፊዚክሱን ገልጣለች።

ከዚያ ወዲህ ዕረፍቱ እስኪያልቅ እትዬ ሀጂራ በየማለዳው እያነከሱ ይመጣሉ፤ ሉብናም በየማለዳው ጉልበቱን ፊቷን ኮስተር አድርጋ ትዳስሳለች። «ትንሽ ይታገሱኝ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ምን ምርጫ አለኝ» ብለው ቃትተው ይነሳሉ። ማንም ማንንም አላጋለጠም።

የዓመቱ ውጤትና የመግቢያ ፈተናው አልፎ፣ የቃለ መጠይቁ ቀን ተማሪው ሁሉ በረንዳው ላይ መልሱን ይለማመዳል። መልሱ ደግሞ የሁሉም አንድ ነው፤ «ወገኔን ለማገልገል።» ሉብናም ይህንኑ ሸምድዳ ገባች። ሦስት መምህራን ተቀምጠዋል። መካከል ላይ ያሉት፣ ከጠዋት ጀምሮ ወገን ሲያገለግሉ የደከሙ የሚመስሉ ሰው፣ ቀና ሳይሉ ጠየቋት።

«ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ?»

የሸመደደችው ጠፋባት። ስለ በጉ ልብ ነገረቻቸው፤ ውኃውን፣ ሦስቱን ክዳኖች፣ እንግዳው በረሃብ መጠበቁን። ከዚያም ጎረቤቷ አንዴ ሐኪም ቤት ሄደው ስማቸውን የጠየቃቸው እንዳልነበረ፣ እሷ ግን መጠየቅ እንደምትፈልግ ተናገረች። ሰውዬው ቀና አሉ።

«ልቡስ ምን ሆነ?»

«በላነው» አለች ሉብና። ሦስቱም ሳቁ፤ እሷ ግን በቃ፣ አበላሸሁት ብላ ወጣች።

ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ስሟን ከላይ ጀምራ ፈለገች። አርባ ሰባተኛ ላይ አገኘችው። ሁለት ጊዜ በጣቷ ነካችው። ከዚያ መጀመሪያ የደወለችው እናቷ ጋ ሳይሆን ማንጎው ዘንድ ነው።

«እትዬ፣ ገባሁ። ሕክምና ገባሁ።»

በስልኩ ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት «ወልድያ፣ ወልድያ» ሲል ብቻ ይሰማል። መኪናው ተነስቶ ከሄደ በኋላ የእትዬ ሀጂራ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በይ እንግዲህ ልጄ፣ አሁን መዳን እችላለሁ።»