የሊሙ ገነቱ ጉርሻ እና የእኔ ካራቴ

በዚህ ዓለም ከጉልበተኛ ይልቅ የሚያስፈራው፣ ካራቴ የጀመረ ፈሪ ነው። ሰምቼ እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪው እኔው ነኝ።

ኮሪያ ዘምተው የተመለሱት ሃምሳ አለቃ ሽብሩ እዚህ ጊንጆ ሰፈር፣ ቡና በሚሰጣበት ግቢ ውስጥ «ካታ» ያስተምሩናል። ካታ ማለት ተደባዳቢ በሌለበት ከአየር ጋር በሥርዓት መደባደብ ነው። ለእኔ ቢጤው እንዴት እንደሚመች ተመልከቱ… አየር መልሶ አይማታም።

አንዱ እንቅስቃሴ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እጅ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ከዚያ ተጨብጦ ወደ ወገብ ይመለሳል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ምን ያደርጋል?»

«አንተ ልመደው። ጥቅሙ ራሱ ይመጣል።»

መች አስችሎኝ! ትርጓሜውን ራሴ ደረስኩበት። ጠላት እጁን ሲሰነዝርብህ አንጓውን ትይዘዋለህ፣ ወደ ወገብህ ትስበዋለህ፣ ይንበረከካል። ገመድ ላይ የተሰጣ ሸሚዝ በእጅጌው እየያዝኩ ስለማመድ ከረምኩ። አንድም ሸሚዝ አልቻለኝም።

በዚህ መሃል ሊሙ ገነት፣ አቶ ወልዴ ቤት የክርስትና ድግስ ተጠራሁ። አቶ ወልዴ የአልማዝ አባት ናቸው። አልማዝ ደግሞ… ሽማግሌ ልልክላት ቀን የቆረጥኩላት ልጅ ናት። ጨዋ መሆኔ እንዲታይልኝ አቀርቅሬ እበላለሁ። ድንገት ከጎኔ አንድ ትልቅ እጅ ወደ ፊቴ መጣ።

እጄ እኔን አላማከረኝም። አንጓውን ያዘና ወደ ወገቤ ሳበው። አቶ ወልዴ በጉልበታቸው ወረዱ፤ ሊያጎርሱኝ የጠቀለሉት ዶሮ ወጥም ነጭ ጋቢያቸው ላይ አረፈ።

ለብቻ በተሰናዳላቸው ማዕድ የተቀመጡት ጎረቤታቸው ሐጂ አባ ዝናብ «ያ ረቢ… ማል ታኤ? ምን ሆነ ሰውዬው?» አሉ። አልማዝ ወዳለችበት ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። አለቀልኝ አልኩ።

አቶ ወልዴ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ፣ ጠገብኩ ብትል እኮ በቂ ነበር።»

«ጋሼ፣ በእግዜር ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ…»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። በሉ ሁለተኛውን ላጉርሰው። እጁን ግን ያዙልኝ።»

ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ጠፍረው ያዙኝ። ከእንዲህ ያለ አያያዝ ማምለጫውም ካታው ውስጥ አለ፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ። አፌን ከፈትኩ።

ሽማግሌዎቼ በቀጠሮው ቀን ሄዱ። ከአቶ ወልዴ ይዘውልኝ የተመለሱት መልስ ይኸው፦

«ልጄን እሰጠዋለሁ። ማጉረሱን ግን እንግዲህ እሷው ትቻለው።»