ወራሪው በር አንኳኳ፣ አጋዡ በጣሪያ ገባ

ትናንት በሕልሜ መጀመሪያ የሰማሁት የቆርቆሮ ኳኳታ ነው። ምንም ሳላይ፣ ከአናቴ በላይ ቋ ቋ ቋ! ቀና ስል ጣሪያችን የለም። ወታደሮች እንደ በሰለ ኮክ ዱብ ዱብ ይላሉ።

«ምነው ልጆቼ፣ በር እያለ?» አለች አክስቴ እትዬ የሻረግ። ሃያ ዓመት ጠላ ሸጣ የሠራቻት ቤት ናት።

«አይዞሽ እማማ፣ ወዳጆች ነን» አላት ሻለቃቸው፣ ከነጫማው አልጋዋ ላይ ጋደም ብሎ። «ወራሪ መጣባችሁ ሲሉን ልናድናችሁ ከሩቅ አገር መጣን። ምሳ ምንድን ነው?»

ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! እንግባ?»

ወራሪው ጦር ነው። ጭቃ እንዳያስገባ ጫማውን አውልቆ ተሰልፏል።

«እንግዳ አለብኝ፣ ነገ ኑ» አለቻቸው አክስቴ።

«እሺ እትዬ፣ ይቅርታ» ብለው ግቢው ውስጥ ቁጭ አሉ። አንዱማ ሥራ ከምፈታ ብሎ አጥሩን ጠገነላት።

ሻለቃው ደሙ ፈላ። «ቤቱ በጠላት እጅ ከሚወድቅ እኛው እናፍርሰው!»

«ታዲያ ለኔ ምን ሊተርፈኝ?»

«ነጻነት!» አለና ግድግዳውን አስናደው።

የወራሪው ጄኔራል ፍርስራሹን ሲያይ እንባው መጣ። «ሳንመጣባችሁ ቢቀር ይህ ሁሉ ባልደረሰ!» ብሎ፣ እንደ አገራችን ደንብ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ አክስቴ እግር ላይ ተደፋ። «ይማሩኝ፣ እትዬ!»

«ከባድ መሣሪያ!» ብሎ ጮኸ ሻለቃው።

«ኧረ ጌታዬ፣ የይቅርታ ድንጋይ ነው!» አልኩት።

«የኛ መነጽር ድንጋይ እንጂ ይቅርታ አያሳይም» አለና መድፉን ወደ ድንጋዩ አዞረ። «እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ በይ። ካልቻልሽም ግድ የለም።»

ባንኜ ተነሣሁ። ነግቷል፤ ቤታችን ቆማለች። የእውነቱ ወራሪ ከወንዙ ማዶ ከሰፈረ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። በየቀኑ ይተኩሳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሲሸሽ አክስቴ ግን «ቤቴን ጥዬ የት አባቴ እሄዳለሁ!» ብላ ንቅንቅ አላለችም።

ሬዲዮው ያወራል። «ደስ ይበላችሁ! የወዳጅ አገር ጦር ሊያግዘን ዛሬ ከተማችን ይገባል።»

አክስቴ ዜናውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ፍራሿን ጠቀለለች፤ በነጠላዋ አሰረችው።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

ፍራሹን አዝላ ወጣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም።