እትዬ ቢሆንስና የዳኛው እግር

በየትኛውም ሰፈር ያልመጣ መከራ ቀድሞ የሚታያት አንዲት ሴት አትጠፋም። ሰማዩ ሲጠራ ጎርፍ፣ ስልኩ ሲጮኽ መርዶ፣ በሩ ሲንኳኳ ፖሊስ ይታያታል። እንዲህ ባለችው ሴት ጎረቤት ይስቃል፤ ባል ግን አብሯት ይኖራል።

የልብስ ሰፊው ባለቤት እንዲህ ያሉ ሴቶች ማኅበር ቢያቋቁሙ ያለ ምርጫ ሊቀ መንበር ይሆኑ ነበር። ንግግራቸው ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚያልቅ ሰፈሩ «እትዬ ቢሆንስ» ብሎ ሰይሟቸዋል። ካውያውን በገዛ እጃቸው ነቅለው ይወጡና «ያልተነቀለ ቢሆንስ?» ብለው ከመንገድ ይመለሳሉ። ለቬሎ ልኬት የተቀጠረች ሙሽራ ከዘገየች «ሰርጉ ፈርሶ ቢሆንስ?» ብለው፣ መልኳን እንኳ ለማያውቋት ልጅ ያለቅሱላታል። እህታቸው ስልክ ካላነሳች ወድቃለች፤ ቶሎ ካነሳች ደግሞ እንቅልፍ አጥታለች።

ልብስ ሰፊው በዚህ ትዳር ውስጥ አንድ ጥበብ ተምሯል። ክብርትነታቸው መናገር ሲጀምሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል ረገጥ ያደርጋል፤ የመኪናው ጩኸት «ቢሆንስ»ን ይውጥለታል።

በቤቱ ሌላም ነዋሪ አለ፤ ዳኛው የሚባል ቀይ አውራ ዶሮ። ስሙ የወጣለት፣ ደንበኛ በገባ ቁጥር አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ ስለሚመረምር ነው። ልብስ ሰፊው ከጫጩትነቱ ጀምሮ በደረት ኪሱ ይዞ ያሳደገው በመሆኑ ከስፌት መኪናው ሥር ካልሆነ አይውልም። ስለዚህም እትዬ ቢሆንስ ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ላይ የክር ቁርጥራጭ ሲለቅሙ ይውላሉ።

አንድ ጊዜ የታመመች እህታቸውን ለመጠየቅ ሄደው ሰነበቱ። ወለሉን የጠረገ ሰው አልነበረም። ሲመለሱ ዳኛውን በአንድ እግሩ ቆሞ አገኙት። ሌላው እግሩ ላይ ከከፈይ የተሰፋ፣ በወጉ የተዘመዘመ፣ ቁልፍ ያለው ጫማ ተጠልቆበታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጫማ ነዋ! አብጦበት ነው፤ ወለም ብሎት ይሆናል። ሙቀት ሲያገኝ ይሻለዋል።»

«ከውስጡ ሌላ ነገር ቢሆንስ?»

«አንቺ ደግሞ! ሻንጣሽን እንኳ ሳታስቀምጪ?» የእጁ ሥራ የተነቀፈ መሰለውና ቱግ አለ። «ለመሆኑ እንዲህ ያለ ዝምዝማት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ዝምዝማቱስ አምሯል። ዶሮው ይራመዳል ወይ?»

መልስ ሳይጠብቁ የገዛ ስፌት መፍቻውን አንሥተው ያንን ያማረ ጫማ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተሩት። ጥቁር ክር ከጣቶቹ በላይ ተጠምጥሞ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል። ከክሩ በታች ያለው ሁሉ በርዷል፤ የአንዱ ጣት ጫፍም ጠቁሯል። ልብስ ሰፊው ክሩን ወዲያው ለየው። የኮት ቁልፍ የሚተክልበት፣ «ኮቱ ያልቃል እንጂ ይሄ አይበጠስም» እያለ ለደንበኛ የሚምልበት ክር ነው።

አሁን ይጮኻሉ ብሎ ጠበቀ።

«ፎጣ አምጣ» አሉ።

እንስሳት ክሊኒክ ወስደውት ሐኪሟ ክሩን እየቆረጠች ስታወጣ ዶሮውን የያዙት እትዬ ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ መቀስ ከእጁ ያልተለየው ባላቸው ኮሪደሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሞ ነበር።

«ደሙ ከተመለሰ እግሩ ይሞቃል» አለች ሐኪሟ። «ካልሞቀ ግን እግሩ አይተርፍም። እንዲህ የከበደ አውራ ደግሞ በአንድ እግር ብዙ አይቆይም። እየዳሰሳችሁ ጠብቁ፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ዳኛውን ካርቶን ውስጥ አስተኝተው እግሩን ለብ ባለ የጨው ውሃ ያጥባሉ፣ ቅባት ይቀባሉ፣ ፋሻውን ላላ አድርገው ያስራሉ፣ በእጃቸው ጀርባ ይዳስሳሉ። «ቢሆንስ» የምትባል ቃል ከአፋቸው ጠፋች። ለካ መከራ ሲመጣ የሚደነግጡ ሴት አይደሉም፤ ቀድመውት ደርሰው፣ ቤት አሰናድተው የሚጠብቁት ናቸው።

የደነገጠው ልብስ ሰፊው ነው። የሰው ኮት ላይ ግራ እጅጌውን በቀኝ በኩል ገጠመ።

«ሞቀ?»

«ትንሽ።»

«ያንቺ እጅ ሞቆ እሱ የሞቀ መስሎሽ ቢሆንስ?»

ቀና ብለው አዩት። «ሥራህን ሥራ።»

ይህ ዝምታ ከዶሮው እግር ይልቅ አስፈራው። እንደ ሐኪም ፊት፣ የሚስቱን ፊት እየሰረቀ ያነብ ጀመር፤ አንዳች ነገር አልተጻፈበትም። የጠቆረው ጣት ደርቆ ሲወድቅ እንኳ በወረቀት ጠቅልለው ጣሉትና እጃቸውን ታጠቡ።

አንድ ጠዋት የስፌት መኪናው በሙሉ ኃይሉ ሲጮኽ ዳኛው ከካርቶኑ ወጣ። የታመመውን እግር አስቀደመ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። አንገቱን ሰበር አድርጎ ልብስ ሰፊውን በአንድ ዓይኑ መረመረውና ክንፉን አራግፎ ጮኸ።

ልብስ ሰፊው ለመደሰት አልደፈረም፤ ዞሮ ሚስቱን አየ። እትዬ ቢሆንስ በራፉ ላይ መጥረጊያቸውን ይዘው ቆመዋል። ግንባራቸው ቀስ በቀስ ተኮማተረ።

«ይሄን ጩኸት የጎረቤት ውሻ ሰምቶት ቢሆንስ?»

ባላቸው እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሣ። መኪናው ጸጥ አለ።

«ምን አልሽ?» አላቸው፤ በደንብ ሰምቶ ነበር።