ባለ ሣር ክዳኗ መኪናዬ

ወንድ ልጅ አርባ ዓመት ካለፈው ከሁለት አንዱ ይለክፈዋል፤ ወይ ፖለቲካ፣ ወይ አሮጌ መኪና። ከሁለቱ ፖለቲካው ይሻላል እላችኋለሁ! ፖለቲካ ቢያንስ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆሞ ዶሮ አይፈለፍልበትም። እኔን የለከፈኝ ሁለተኛው ነው። ያውም ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና... ያውም አሶሳ!

ልብ በሉልኝ፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ እንደማያጣት ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌአለሁ፤ የተሳሳተ ተማሪም ያለ ርኅራኄ ጥያለሁ። ይህን ሁሉ የማውቅ ሰው ነኝ እንግዲህ ሄጄ ክፍት መኪና የገዛሁት።

ነገሩ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። አንድ የኮንስትራክሽን ሰው ጎረቤቴ ነበር። ወደ ህዳሴው ግድብ ሥራ ሲሄድ "እዚያ የሚፈለገው ገልባጭ ነው፤ ይቺ ምን ታደርግልኛለች?" አለና እኔ ላይ ጣላት። ቀይ ናት። ሁለት በር፣ ረዘም ያለ አፍንጫ፣ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የሸራ ጣሪያ ያላት፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የጣልያን መኪና። "ትንሽ ነገር ብቻ ነው የምትፈልገው" ብሎኝ ነበር። ትንሿ ነገር መሄድ ነበረች።

ባለቤቴ ብርቄ የጎጃም ልጅ ናት፤ ምላሷ ለሰው አይመለስም። መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየቻትና "ጣውንት ይዘህብኝ መጣህ?" አለችኝ። በቃ፣ ስሟ ጣውንቴ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ቁርስ እያቀረበች "ጣውንቴስ እንዴት አደረች? ትንፋሽ አላት?" ትለኛለች።

ትንፋሽ ለመስጠት ያልሞከርኩት የለም! የመጀመሪያው መካኒክ ሞተሩን ፈታትቶ በሦስት የብርቄ ሳፋ አሰፈረው። መልሶ ሲገጥመው አንድ እፍኝ ብሎን ተረፈ።

"ይሄስ?" አልኩት።

"ትርፍ ነው ጋሼ። ጣልያን ሲሠራ ያበዛል።"

ያን ዕለት ጣውንቴ ተነሥታ እስከ ግቢያችን በር ድረስ ሄደች፤ እዚያ ስትደርስ ከሆዷ የሆነ ነገር ዘረገፈችና ቆመች። እኔ ብሎኖቹን በጣሳ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ለምን አትበሉኝ፤ ብሎን ሲጣል ማየት አልወድም።

ቀጥሎ ሸራዋን ፀሐይ እንዳይበላው ብዬ ማንጎ ሥር አቆምኳት። በግንቦት! አሶሳን የምታውቁ እዚህ ላይ ጭንቅላታችሁን እንደያዛችሁ ይገባኛል። በግንቦት በማንጎ ሥር የሚያልፍ ሰው እንኳ አናቱን ሸፍኖ ነው። ማንጎው ሸራውን በሳው፣ በቀዳዳው ዝናቡ ገባ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ብናይ የኋላ መቀመጫዋ ላይ ማንጎ በቅሏል። ልነቅለው ስል ብርቄ እጄን ያዘችኝ።

"ተወው አንተ! ከዚች መኪና ያገኘነው የመጀመሪያ ፍሬ እኮ ነው።"

ሦስተኛው ሙከራ የበያጅ ነበር። ሌላ መካኒክ ሞተሩን እንደ ምንም አስነሣልኝ፤ በያጁ ደግሞ በሸራው ፋንታ ቆርቆሮ ገጠመላት። ለሙከራ ወደ ባምባሲ መንገድ ወጣሁ። ነፋስ መጣ። ቆርቆሮዬ እንደ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ተነሣና የአንድ ገበሬ በቆሎ ውስጥ ዐረፈ። ሮጬ ስደርስ ሰውየው ተሸክሞት ወደ ዶሮ ቤቱ እየሄደ ነው።

"ወንድሜ፣ የኔ ነው!" አልኩት።

"ረቢቱ ናፍ ኬኔ!" አለኝ በኦሮምኛ፤ ፈጣሪ ሰጠኝ ማለቱ ነው። ከሰማይ ሲወርድ በዓይኑ ካየ ሰውዬ ጋር ምን ብዬ ልከራከር? ወደ መኪናዬ ስመለስ ሞተሩም ጠፍቷል። በሬ ጎትቶኝ ገባሁ፤ ከዚያ በኋላም ተስፋ ቆርጬ ተውኳት።

በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ጣውንቴን በሥርዓት የነዳት አንድ ሰው ብቻ ነው። የጎረቤታችን የሐጅ ኡስማን ልጅ፣ ሐዋ። መኪናዋ ስትመጣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ወርውራ ቀጥ ብላ መሪው ላይ ናት። "ወዴት ነሽ?" ስላት "ባምባሲ!" ትለኛለች። አክስቷ እዚያ ናቸው። ከመኪናዋ አካል በሕይወት የቀረው ጥሩምባው ብቻ ስለነበር ባምባሲ እስክትደርስ ሠፈሩን ታናውጠዋለች። አንድ ቀን ፈተና እያረምኩ ጆሮዬ ሊበጠስ ሲደርስ ወጣሁና "ሐዋ፣ ዛሬ ውረጂልኝ፤ ስታገቢ በዚህችው መኪና ባምባሲ አደርስሻለሁ" አልኳት። ወረደች። እኔም ረሳሁት።

እሷ ግን አልረሳችም። አድጋ፣ ተምራ፣ ጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሥራ ይዛ፣ ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ መጣች። ተቀመጠች። ጣቶቿን አፍተለተለች።

"ኡስታዝ፣ ላገባ ነው" አለችኝ። እዚህ አካባቢ መምህር ኡስታዝ ነው።

"እሰይ የኔ ልጅ! ማንን?"

"የባምባሲ ልጅ ነው" አለችና ፈገግ አለች። "ሠርጉ በግንቦት መጨረሻ ነው። ሚዜዎቹ ዘመናዊ ክፍት መኪና ይከራያሉ። እኔ ግን ለሁሉም ነግሬአለሁ፤ ኡስታዝ ቃል ገብቶልኛል ብያለሁ።"

ብርቄ ከጓዳ ሳቋን ለቀቀችው። "የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ" ይላል ያገሬ ሰው፤ ይህን የተረተው ሰውዬ መቼም አሮጌ መኪና አልነበረውም! ግን ምን ይደረጋል... ልጅቷ ይህን ሁሉ ዓመት አምናኝ ኖራለች። "ቃሌ ቃል ነው" አልኩ፤ ድምፄ ቀጠነብኝ።

የሞተሩን ነገር አላንዛዛባችሁም። ትራክተር ሲጠግኑ የኖሩ አንድ የባምባሲ መካኒክ መጡ። ሞተሩን ዐዩ፣ ጣሳዬን ዐዩ፣ ብሎኖቹን በእጃቸው አገላብጠው እኔን ዐዩ። "ትርፍ ነው" አልኳቸው።

"ትርፍ ያለህ ማነው?" አሉኝ። "ሞተሩን የሚይዘው እኮ ይሄ ነው!"

ብሎኖቹ ቦታቸው ሲገቡ ጣውንቴ አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ተነሣች። ብርቄ እንኳ ሳታስበው እልል አለች። የኋላ መቀመጫዋን ማንጎ ቀደም ብለን ግቢ ተክለነዋል፤ የቀረን ጣሪያው ነው። የድሮው የብረት አጥንት ዝጎ አልቋል። አጥንቱን በቀርከሃ ቢሠሩልኝ ብዬ ሐጅ አብዱልጀሊል ዘንድ ሄድኩ። አዛውንት ናቸው፤ አሶሳ ዙሪያ የጎጆ ጣሪያ በመሥራት የሚደርስባቸው የለም። መኪናዋን ዞሩ፤ በክንዳቸው ለኩ።

"ይህ ራቁቱን ነው" አሉኝ።

"አዎ ሐጅ። ጣሪያ ይሥሩለት። የሙሽራ ነው፤ እንዲያምር እፈልጋለሁ።"

"የሙሽራ ነው?" ዓይናቸው በራ። "የሐዋ? ባምባሲ ይሄዳል መኪናው?"

"ይሄዳል።"

"ወላሂ ይደርሳል?"

"ኢንሻአላህ ይደርሳል!"

ጢማቸውን እየዳበሱ ለብቻቸው ሳቁ። "ሐለስ፣ አለቀ ኡስታዝ። አንተ ሂድ፤ ሥራ ለኔ ተወው" አሉኝ። እኔ በማግሥቱ ለአንድ ሳምንት ፈተና ላስፈትን ወደ ሌላ ወረዳ ተላክሁ።

ስመለስ የግቢዬን በር ከፈትኩና... ዘጋሁት። ቤት የተሳሳትኩ መሰለኝ። ደግሜ ከፈትኩ። ግቢዬ መካከል አራት ጎማ ያለው ጎጆ ቆሟል! ቀርከሃው በቀጭኑ ተፈልጦ ክብ ተጠልፏል፣ ሣሩ በድርብርብ ተከድኗል፣ አናቱ ሹል ነው፣ ክፈፉ ዙሪያውን ወርዶ መስታወቱን ሸፍኗል። ከሥር የጣውንቴ ቀይ አፍንጫ ብቻ ብቅ ብሏል። ብርቄ በረንዳ ላይ ተቀምጣ እንባዋን ትጠርጋለች፤ የሳቅ ነው።

ሐጅን አስጠራኋቸው። "ሐጅ! ምን ሠሩኝ? የሚታጠፍ አጥንት ነበር እኮ የፈለግሁት!"

"የሚታጠፍ?" ደነገጡ። "አላህ ይጠብቅህ ኡስታዝ! ጣሪያ የሚታጠፈው ቤት ሲወድቅ ነው።"

"ያፍርሱልኝ!"

"የሙሽራ ጣሪያ ይፈርሳል? ዱዓ ተደርጎበት? ጎረቤት ተሰብስቦ 'ቢስሚላህ' ብሎ አንሥቶ የጫነውን? አላፈርስም" አሉና መዶሻቸውን ይዘው ሄዱ።

ለሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። አዲስ ሸራ ከየት ይመጣል? ያቺ ልጅ በሚዜዎቹ ፊት መሳቂያ ልትሆን ነው፤ ያውም በእኔ ምክንያት። ሌሎች ሳይነግሯት ልንገራት ብዬ ሐዋን ራሴ ጠራኋት። መጣች፤ ቆመች፤ ዐየች። "ልጄ፣ ይቅር በይኝ" ልል አፌን ስከፍት ክፈፉን ገለጥ አድርጋ ገባችና የድሮ ቦታዋ፣ መሪው ላይ ተቀመጠች።

"ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ታውቃለህ?" አለችኝ ከውስጥ። "ትንሽ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ባምባሲ ደርሼ አላውቅም። መንገድ ላይ ዝናብ ይመጣል፤ ጣሪያ የለም፤ ወርጄ ወደ ቤት እሮጣለሁ። ሁሌ!" ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። "አሁን ግን እደርሳለሁ።"

ጥሩምባውን ነፋችው። እኔም አለቀስኩ፤ ብርቄ አልቅሶ አያውቅም ብትላችሁ እንዳታምኗት።

የሠርጉ ዕለት የፊቱን ክፈፍ ማየት እስኪያስችለኝ በመቀስ ከረከምኩትና ተነሣን። ከኋላ ሐዋና ሙሽራው፣ ከጎኔ ብርቄ ካባዋን ለብሳ። ከፊታችን የሚዜዎቹ ነጭ ክፍት መኪና፣ ከኋላችን እነ ሐጅ አብዱልጀሊልን የጫነ አይሱዙ። ከከተማ ሳንወጣ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መኪናዋን አንዴ ዞራት። ደገማት።

"ጋሼ" አለኝ፣ "መንጃ ፈቃድ ልጠይቅህ ወይስ የቤት ካርታ?"

እሱን አስቀን እንዳለፍን አንድ አህያ ከኋላ ሣሩን እየጋጠ ብዙ መንገድ ሸኘን፤ ፍጥነታችንን ከዚህ ገምቱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ከዚያ... የአሶሳ ዝናብ ወረደ! ሚዜዎቹ የመኪናቸውን ጣሪያ ለመዝጋት ቁልፉን ቢጫኑት፣ ቢጫኑት፣ ወይ ፍንክች! ሱፋቸው ላይ ውሃ ቆመ። የእኛ ጎጆ ግን ጠብ አላለባትም። በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ሐዋ እጇን በክፈፉ አውጥታ ዝናቡን ትነካለች፤ ዓይኗ ሞልቷል።

"ኡስታዝ፣ እንዳትመለስ እሺ?" አለችኝ።

"አልመለስም!" አልኩ። ጣውንቴ ያን ጊዜ ብትቆም ኖሮ ተሸክሜያት እሄድ ነበር፤ ወላሂ!

ደረስን። ባምባሲ በእልልታ ተቀበለን። የሙሽራው ግቢ በር ግን ጠባብ ነው፤ ጣሪያችን አያልፍም። ምን ይሻላል እያልኩ ሳለ ሐጅ አብዱልጀሊል ከአይሱዙው ወርደው አጨበጨቡ። "ያላ ልጆች!" ወደ አሥራ አራት ጎረምሳ መኪናዬን ከበበ። "ቢስሚላህ!" ብለው ጣሪያዬን ከበሩና ከአጥሩ በላይ ብድግ አደረጉት። ከነሙሉ ክብሩ ተሸክመውት ገቡ፤ ሐዋና ሙሽራው ከሥሩ፣ ሳይረጥቡ። ተከትዬ ብገባ ግቢው ጥግ ላይ ግድግዳዋ ተሠርቶ ያለቀ፣ ጣሪያ የሌለው አንዲት ክብ ማድ ቤት ቆማለች። ጎረምሶቹ ጣሪያዬን አናቷ ላይ ዱብ አደረጉት። ልክክ!

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሐጅ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"የሙሽራው እናት ከወር በፊት ለማድ ቤት ጣሪያ አዘዘችኝ። ጣሪያ ከአሶሳ ባምባሲ በምን ይሄዳል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ አንተ መጣህ፤ ጣሪያ የሌለው መኪና ይዘህ! አልሐምዱሊላህ አልኩ።"

ለካ ሙሽራ አጃቢ ነኝ ስል ጣሪያ ጫኝ ኖሬአለሁ! ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን ሐዋ ከአዲሷ ማድ ቤቷ በር ላይ ቆማ "ደረስኩ ኡስታዝ! ደረስኩ!" እያለች እጇን ስታውለበልብልኝ በምን አንጀቴ ልቆጣ?

ጣውንቴም እኔ ዘንድ በመጣች በአሥራ ሁለት ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያዋ በሥርዓት ተከፈተ። እንዲህ ክፍቷን፣ ቀይ አፍንጫዋን እንደቀሰረች፣ ሳይመሽብን ከብርቄ ጋር ወደ አሶሳ ተነሣን። ነፋሱ ፊታችንን ይዳብሰናል፣ መንገዱ አረንጓዴ ነው፣ ሞተሩ ይዘፍናል። ሕይወት ማለት ይቺ ናት እያልኩ ሳስብ ሰማዩ እንደገና ተቀደደ።

ብርቄ ከመቀመጫዋ ሥር ጃንጥላ አወጣች፤ ለካ ጠዋት ይዛ ወጥታለች። ለራሷ ብቻ ዘረጋችው። እኔ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ውሃው በቅንድቤ እየወረደ እነዳለሁ።

"መምህር" አለችኝ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ከጃንጥላዋ ሥር።

"አቤት።"

"በግንቦት የአሶሳ አየር ምን ዓይነት ነው?"

"ዝ... ዝናባማ" አልኳት።

"እሰይ!" አለችና ጃንጥላውን ወደ እኔ ዘንበል አደረገችልኝ። "አሥራ ሁለት ዓመት ደገምክ እንጂ፣ ይኸው ዛሬ አለፍክ።"