የጋሽ በላይነህ ዘመናዊ ቮልስ

«አፍሽ ያለ ሞተር ይሄዳል!» አሉኝ ጎረቤታችን ጋሽ በላይነህ ፊት ለፊት። እንዲህ ያሉኝ የድሮ ቮልሳቸው መቼ ከግቢ እንደሚወጣ ስለጠየቅኳቸው ነው።

አሮጌ መኪና እቤቱ የሚያድስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንዲህ ያለ ሰው «አለቀ» የሚባል ቃል አይወድም። ጋሽ በላይነህ ሞተሩን አስነሱ፤ እሰየው አልን። ቀለም ቀቡት፤ አጨበጨብን። ከዚያ የሸዋ ሮቢትን ሙቀት የሚችል ማቀዝቀዣ ገባለት። ቀጥሎ ኋላውን የሚያሳይ ካሜራ፣ በመጨረሻም «የዘመኑ ነው» ተብሎ ግራና ቀኝ የተንሰራፋ ጎማ። ሰው በዚህ ዕድሜው ይህን ያህል ይዘምናል?

የእህቴ ሠርግ ሲደርስ «ሙሽሮቹን የምወስደው እኔ ነኝ፤ ሌላ መኪና ብታስቡ እቀየማለሁ» አሉ። እሳቸውን ማን ያስቀይማል? ሌላ መኪና ሳይያዝ ቀረ።

በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን ይዘን ጋሽ በላይነህ በር ላይ ቆምን። የወንዱ ወገን ቀወት ገጠር ድንኳን ተክሎ ይጠብቃል። ቮልሱ በአበባ ተሸልሞ፣ ከግቢው ውስጥ እያጉረመረመ መጣና የግቢው በር ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። አዲሱ ጎማ ከበሩ ሰፍቷል።

«ካሜራው አልነገረዎትም?» አልኳቸው።

«እሱ የሚያየው ኋላውን ነው!»

ሚዜዎቹ «አጥሩን እናፍርስ»፣ «የለም፣ ጎማውን እንፍታ» እያሉ ይከራከራሉ። እህቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ በላይነህ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ሙሽሪት፣ አንቺ ግቢና ተቀመጪ፤ እዚህ ውስጥ ቅዝቃዜው ደብረ ሲና ነው!» አሏት።

ባጃጅ ጠራሁ። ሙሽሮቹን ከኋላ አስገብቼ፣ እኔ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቤ ሄድን።